ምላሴ ፈጣን ነው፤ እንጀራ ይሆነኛል?

ጥያቄ፦ ደሴ ነኝ፣ ዘንድሮ 12ኛን ጨረስኩ። በሚኒ ሚዲያ በፍጥነት እያወራሁ ተማሪ አስቃለሁ። በውጭ ኦፔራ ቃላቱን እያንበለበሉ የሚዘፍኑ ቀልደኞች አይቼ ይህን ሥራ ተመኘሁ። ድምፄ ግን ትንሽ ነው።

መልስ፦ እህቴ፣ የድምፅሽ ማነስ አያስጨንቅሽ። ፓተር የሚባለው ይህ ዘፈን ለአንድ ቀለም (ለአንድ የቃል ክፍል፣ «ሰ-ላም» ሁለት ቀለም ነው) አንድ ኖታ ነው የሚሰጠው፤ ቃሉ እንዲሰማም ኦርኬስትራው ይሳሳለታል። በጣሊያናዊው አቀናባሪ ሮሲኒ ኦፔራ «የሴቪሊያው ፀጉር አስተካካይ» (1816 እ.ኤ.አ.) ዶክተር ባርቶሎ፣ በእንግሊዞቹ ደራሲና አቀናባሪ በጊልበርትና ሳሊቫን «የፔንዛንስ የባሕር ወንበዴዎች» (1879 እ.ኤ.አ.) ደግሞ ሜጀር ጄኔራሉ የሚዘፍኑት እንዲህ ያለውን ነው። ጄኔራሉ ሒሳብ አውቃለሁ፣ ታሪክ አውቃለሁ እያለ ሲደረድር ቆይቶ፣ በመጨረሻ የማያውቀው የገዛ ሙያውን፣ ውትድርናን ሆኖ ይገኛል። ሳቁ እዚያ ነው። ያ መስመር ካልተሰማ ሕዝቡ ምላሱን አድንቆ ብቻ ይሄዳል።

አማርኛ ላይ ነገሩ ይከብዳል። ስትፈጥኚ ቀድሞ የሚጠፋው የሚጠብቀው ፊደል ነው። «ሰፊ» ሲላላ ልብስ ሰፊ፣ ሲጠብቅ ሰፋ ያለ ነው፤ «ዋና»ም ሲላላ ውኃ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ጽሑፍሽ ላይ የሚጠብቁትን በቀይ አስምሪባቸውና ጊዜ ስጫቸው። ጠ፣ ቀ፣ ጨ ደግሞ ጉሮሮ ተዘግቶ የሚወጡ ስለሆኑ ሲደራረቡ ዜማውን ይቆራርጡታል፣ አንገትም ያስወጥራሉ። እነሱ የበዙበትን መስመር በሌላ ቃል ቀይሪው።

ልምምዱን ስልክሽ ላይ ሜትሮኖም (ምት የሚመታ መተግበሪያ) ጭነሽ በደቂቃ በ60 ምት ጀምሪ፣ በአንድ ምት አራት ቀለም። መጀመሪያ ያለ ዜማ፣ በምቱ ብቻ ተናገሪው። ሦስት ጊዜ ሳትሳሳቺ ካለፍሽ 4 ጨምሪ፤ ከተሳሳትሽ 8 ቀንሺ። 120 ስትደርሺ በሰከንድ ስምንት ቀለም እያልሽ ነው፣ ይበቃል። ሸምድደሽ ስትይዢው ከመጨረሻው ስንኝ ወደ መጀመሪያው ሂጂ፤ አብዛኛው ሰው ሁሌ ከመጀመሪያው ስለሚነሳ መግቢያውን መቶ ጊዜ ብሎ መጨረሻው ላይ ይወድቃል። መንጋጋሽ ብዙ አይንቀሳቀስ፣ ሥራው የምላስ ጫፍ ነው። ትንፋሽም አታብዢ፦ ፓተር አየር ብዙ ስለማይጨርስ በየስንኙ በረጅሙ ከሳብሽ የድሮው ሳይወጣ አዲሱ ይደረብበትና ደረትሽ ይታፈናል። ሐሳቡ በሚያልቅበት ቦታ አጭር ትንፋሽ ይበቃል።

አሁን ወደ እንጀራው። አገራችን ውስጥ ፓተር ብቻ ብሎ የሚቀጥር የለም፣ ቁርጡን ልንገርሽ። ተዋናይ ስትሆኚ ግን ይህ ችሎታ በመድረክ ኮሜዲ፣ በሬዲዮ ድራማና በማስታወቂያ ይፈለጋል። ስለዚህ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ትምህርቱን ተመልከቺ፤ ዜማው ካደላብሽ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት አለ። የሁለቱንም የመግቢያ መስፈርት ከምርጫ በፊት ጠይቂ።

ለመግቢያ ፈተና የሰው ዘፈን ይዘሽ አትሂጂ። የአንድ ደቂቃ ጽሑፍ ራስሽ ጻፊ፤ መናኸሪያው ደጅሽ ነው። ረዳቱ «ሐይቅ፣ ውጫሌ፣ ውርጌሳ፣ መርሳ፣ ወልዲያ!» እያለ ይጣራል፣ በባቲ ቅኝት አስቀምጪው። በየዙሩ ዝርዝሩ ይርዘም፣ መጨረሻ ላይ መኪናው ያለ እሱ ይሂድ። ከዚያ በፊት ሁለት ምት ዝም በዪ፣ ፊትሽም አይሳቅ፤ ረዳቱ ሥራ ላይ ነው። ቀድተሽ ጽሑፉን ላላየ ሰው አሰሚው፣ መድገም ያቃተውን ስንኝ አሳጥሪ።