ደብዳቤው የደረሳቸው ሽማግሌዎች

ልጆቼ፣ ሕግ ተምራችሁ ለምትወጡት ነው የምጽፈው። ቢሮ ገብታችሁ ፊርማ ለምትፈርሙትም ይሆናል። ከሠላሳ ዓመት በላይ በጥብቅና ኖሬያለሁ።

አንደኛ ነገሥት ምዕራፍ 21ን ክፈቱ። የናቡቴን ታሪክ ታውቁታላችሁ። ንጉሡ አክዓብ በቤተ መንግሥቱ አጠገብ ያለውን የናቡቴን የወይን ቦታ ፈለገው። የአትክልት ቦታ ሊያደርገው። ለጎመን መሆኑ ነው እንግዲህ! ምትክ ወይም ገንዘብ ልስጥህ አለው። ናቡቴ የአባቶቼን ርስት አልሰጥም አለ። ንጉሡ አኩርፎ፣ ፊቱን አዙሮ ተኛ፤ እህልም እምቢ አለ።

ከዚያ ኤልዛቤል በባሏ ስም ለናቡቴ ከተማ ሽማግሌዎች ደብዳቤ ጻፈች፤ በማኅተሙ አተመችው። ጾም አውጁ፤ ናቡቴን በሕዝቡ ፊት አስቀምጡት፤ ሁለት ምናምንቴ ሰዎች ፊት ለፊቱ ተቀምጠው እግዚአብሔርንና ንጉሡን ሰድቧል ይበሉ። ሥርዓቱን ልብ በሉ። ሕጉ ሁለት ምስክር ይላል፤ ሁለት ቀርበዋል። ሽማግሌ ተሰይሟል። ጾምም አለ። መዝገቡ ይግባኝ ቢባልበት እንኳ እንከን አይወጣለትም።

ሰባኪዎች ብዙ ጊዜ ኤልዛቤል ላይ ይቆማሉ። እኔን እንቅልፍ የሚነሱኝ ግን ሽማግሌዎቹ ናቸው። የናቡቴ ከተማ ሰዎች ናቸው፤ አብረውት የኖሩ። ደብዳቤው የመጣው በአክዓብ ስም ነበር፤ ማኅተሙም የእሱ። ሥራው ሲያልቅ ግን «ናቡቴ ተወግሮ ሞተ» ብለው የላኩት ለማን ነው? ለኤልዛቤል። ማን እንደጻፈችው ያውቁ ነበር ማለት ነው። ይህችን ነገር ያየኋት ሃምሳን ካለፍኩ በኋላ ነው።

ኦሪት እንዲህ ያለውን ነገር ሳታስብበት አልቀረችም። ዘዳግም 17 ላይ፣ በሞት በተፈረደበት ሰው ላይ መጀመሪያ ድንጋይ የሚያነሳው ራሱ ምስክሩ ነው። ምዕራፍ 19 ደግሞ ዳኞች አጥብቀው እንዲመረምሩ ያዛል፤ ሐሰተኛው በወንድሙ ላይ ያሰበው በራሱ ላይ ይመለሳል።

አጥብቆ መመርመር እንዴት እንደሆነ ማየት የሚፈልግ መጽሐፈ ሶስናን ያንብብ። በባቢሎን ሁለት ሽማግሌዎች፣ ያውም ዳኞች፣ አመነዘረች ብለው መሰከሩባት። ሕዝቡ አመናቸው። ዳንኤል ለያይቶ አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠየቃቸው፦ በየትኛው ዛፍ ሥር ነው ያየሃቸው? አንዱ አንድ ዛፍ ጠራ፣ ሌላው ሌላ። አለቀ። እናንተም ለያይታችሁ ጠይቁ፤ ትንሿን ነገር ጠይቁ። የእውነት ያየ ሰው «እሱን አላስተዋልኩም» ይላል። አጥንቶ የመጣ ምስክር ምንም አይረሳም።

አሁን ወደ ራሴ። ገና ጀማሪ ሳለሁ የድንበር ክርክር ይዤ ነበር። ከችሎት ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ሁለት ምስክሮቻችን ተቀምጠዋል። አንደኛው ዓይኑን ጨፍኖ ያነበንባል፦ «ከቀኑ አስር ሰዓት ገደማ ከብት እየነዳሁ ሳልፍ…»። ሌላው ሲስት ያርመዋል። ሰማሁ። ሰዓቴን አየሁና ወደ ውስጥ ገባሁ። ሁለቱም ማሉ። ሁለቱም ከብት እየነዱ አለፉ፤ ከቀኑ አስር ሰዓት ገደማ።

ረታን። ተከሳሹ አዛውንት ነበሩ፤ ፍርዱ ሲነበብ ነጠላቸውን አስተካክለው ለዳኛው እጅ ነሱና ወጡ። እኔ እኮ አላስጠናሁም፣ ገንዘብም አልሰጠሁም፣ እያልኩ ዓመታት አሳለፍኩ።

ደንበኛዬ ዝምተኛ ሰው ነበር። ምስክሮቹን ፈልጎ ያመጣው ታላቅ ወንድሙ ነው፤ መዝገቡ ላይ ስሙ የትም የለም። ያን ቀን ከችሎት ወጥቼ፣ ረታን ብዬ ስልክ የደወልኩት ለደንበኛዬ አልነበረም። ለወንድሙ ነበር።