መልስ፦ ለምንጣፍ ማኅበራችን ተልዕኮ ምን ብለን እንጻፍ?

በላክከው የተልዕኮ ረቂቅ «በምሥራቅ አፍሪካ ተመራጭ ሆኖ መገኘት» ያልከው ራዕይ ነው፤ ወደፊት ልትደርሱበት የምትመኙትን ይናገራል። እናንተን አባላቱን የሚያከራክራችሁም ለዚህ ነው። ተልዕኮ ዛሬ ምን፣ ከምን፣ ለማን እንደምትሠሩ ይናገር። ከጻፍከው ተነስቼ፦

«ከመንዝ በግ ፀጉር ደብረ ብርሃን ላይ በእጅ ምንጣፍ ሠርተን ለቤትና ለሆቴል እንሸጣለን፤ ፀጉሩን ላመጣው ገበሬ በዕለቱ እንከፍላለን።»

በቃ። «ጥራት»፣ «ዓለም አቀፍ ደረጃ» አትጨምርበት። (የመንዝ በግ እያለላችሁ በረቂቁ «ግብዓት» ብሎ መጻፍስ ምን ይሉታል?) መፈተኛው ቀላል ነው፦ የማኅበሩን ስም አውጣና የብሎኬት አምራች ስም ተካበት። ያኔም የሚያስኬድ ከሆነ ምንም አልጻፋችሁም።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ። «በዕለቱ» የምትለዋን ከገንዘብ ያዣችሁ ጋር ሳትነጋገር እንዳታስገባት። የማውቀው አንድ ማኅበር ይህንኑ በር ላይ ለጥፎ ክፍያ ሲያዘገይ፣ ገበሬው ጽሑፉን በጣቱ እያሳየ ይሟገት ነበር። ካልቻላችሁ «በሳምንት ውስጥ» በሉ።