በጥቁሩ ተርሚናል ወይስ በመዳፊት? የሰርቨር ፋይል በምን ይታረም?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የሊኑክስ ሰርቨሮችን ማስተዳደር ከጀመርኩ ስድስት ወር ሆነኝ። የኮንፊግ ፋይሎችን የማስተካክለው ከራሴ ኮምፒውተር ሆኜ በመዳፊት በሚሠራው ኤዲተር በቪኤስ ኮድ ነው። የሥራ ባልደረቦቼ ግን «ቪአይ ሳትችል ሰርቨር ይዣለሁ አትበል» ይሉኛል። ሁለቱም የተርሚናል ኤዲተሮች ከሆኑ ቀለል የሚለውን ናኖን ብቻ ባውቅስ አይበቃም?

መልስ፦ ባልደረቦችዎ እውነት አላቸው። ቪኤስ ኮድን ግን አይጣሉት፤ የሁለቱ ሰዓት ይለያያል። ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ የሚታየው ሰርቨሩ አልነሳም ያለ ቀን ነው።

አንድ የተለመደ ብልሽት እንውሰድ። አዲስ ዲስክ ለመጨመር ኢቲሲ ፎልደር ውስጥ ባለው ኤፍኤስታብ (ሰርቨሩ ሲነሳ የሚከፈቱ ዲስኮች ዝርዝር) ላይ አንድ መስመር ጻፉ፤ የዲስኩ መለያ ላይ አንዲት ፊደል ተሳሳተች፤ ሰርቨሩን ሪስታርት አደረጉ። ሰርቨሩን የሚያስነሳው ሲስተምዲ ዲስኩን 90 ሰከንድ ያህል ይጠብቅና ሲያጣው ወደ ኢመርጀንሲ ሞድ ይገባል። እዚያ ኔትወርክ የለም፤ ኔትወርክ ከሌለ ኤስኤስኤች (ከሩቅ ሰርቨር መግቢያው) የለም፤ ኤስኤስኤች ከሌለ ቪኤስ ኮድም የለም። የቀረዎት የሩት (የዋናው አስተዳዳሪ) ፓስወርድ የሚጠይቅ ጥቁር ስክሪን ብቻ ነው። ይግቡ። ዋናው ፋይል ሲስተም ለንባብ ብቻ ተከፍቶ ካገኙት «ማውንት -ኦ ሪማውንት,አርደብሊው /» ብለው መጻፍ እንዲቻል ያድርጉት። ኤፍኤስታብን በቪአይ ከፍተው በተሳሳተው መስመር መጀመሪያ ላይ # ያስገቡ፤ ሴቭ አድርገው ይውጡ። ከዚያ «ፋይንድኤምኤንቲ --ቬሪፋይ» የቀረ ስህተት ካለ ይነግርዎታል። ዲስኩ ባይኖርም ሰርቨሩ መነሳት ካለበት፣ መስመሩን ሲመልሱት ከአማራጮቹ ጋር «ኖፌይል» የሚለውን ይጨምሩ። ቪአይ ለሚችል ሰው ይህ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

ታዲያ ለምን ቪአይ? ቢል ጆይ እ.ኤ.አ. በ1976 በርክሌይ ሆኖ ከጻፈው ወዲህ የዩኒክስ ቤተሰብ አልተለየውም፤ ዩኒክስ መሰል ሲስተሞች የሚጋሩት የፖዚክስ መስፈርት ውስጥም ገብቷል። በብዙ ትንንሽ መሣሪያዎች ውስጥ ያለው ቢዚቦክስ የሚባለው የትዕዛዞች ጥቅል የራሱ ትንሽ ቪአይ ስላለው፣ በአልፓይን (ትንሽ ሊኑክስ) ኮንቴይነር ውስጥ እንኳ ሲጠሩት ይመጣል። ናኖ እዚያ ካልጫኑት አይገኝም።

ለአደጋ ቀን የሚበቃው ቪአይ ደግሞ ጥቂት ነው። «አይ» የሚለውን ፊደል ሲጫኑ መጻፍ ይጀምራሉ፤ ኤስኬፕ ወደ ትዕዛዝ ይመልስዎታል። ዲ ሁለት ጊዜ መስመር ይቆርጣል፣ ፒ ይለጥፋል፣ ዩ የሠሩትን ይሽራል። / ብለው የሚፈልጉትን ቃል ይጻፉ፤ ኤን ወደሚቀጥለው ይወስድዎታል። 25 ብለው ትልቁን ጂ ከተጫኑ 25ኛው መስመር ላይ ነዎት፤ የስህተት መልእክቶች የመስመር ቁጥር ስለሚሰጡ ይህችን ደጋግመው ይፈልጓታል። «:ደብሊውኪው» ሴቭ አድርጎ ያስወጣል፤ «:ኪው!» ለውጡን ጥሎ ያስወጣል። እጅዎ ተሳስቶ ምን እንደነካ ካላወቁ ኤስኬፕን ሁለቴ ተጭነው በ«:ኪው!» ይውጡ፤ ፋይሉ መጨረሻ ሴቭ እንዳደረጉት ይቆያል።

ጀማሪን የሚያስደነግጡ ሁለት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው፣ ዴቢያንና ኡቡንቱ ላይ በቅድሚያ የሚገኘው ትንሹ ቪም (የተሻሻለው ቪአይ) በጽሑፍ ሞድ ላይ ሳለ የቀስት ቁልፎችን ሲጫኑ ኤ፣ ቢ የሚሉ ፊደሎችን ይዘረግፋል። «:ሴት ኖኮምፓቲብል» ይበሉት፤ ይስተካከላል። ሁለተኛው፣ ከመዳፊቱ ዓለም የመጣ እጅ ለሴቭ ኮንትሮልና ኤስን ይጫናል፤ ብዙ ተርሚናል ላይ ይህ «ማሳየት አቁም» ማለት ስለሆነ ስክሪኑ ድርቅ ይላል። ኮንትሮልና ኪው ያስለቅቀዋል። መስኮቱን ዘግተው አይሂዱ።

ናኖ ለዕለት ሥራ መልካም ነው፤ ቁልፎቹ ከስክሪኑ ግርጌ ስለተጻፉ የሚሸመደድ ነገር የለም። ፌዶራም እ.ኤ.አ. ከ2020ው 33ኛ እትም ጀምሮ ቀዳሚ ኤዲተሩ አድርጎታል። የቆየ ሰርቨር ላይ ግን ይጠንቀቁ፦ ከ4.0 በፊት ያሉት እትሞች ረጅም መስመርን በራሳቸው ቆርጠው ሁለት መስመር ያደርጉታል። በኤፍኤስታብ ወይም ሥራን በሰዓቱ በሚያስነሳው በክሮን ውስጥ የተቆረጠ መስመር ትርጉሙ ይበላሻል። እንዲህ ያለ ሰርቨር ላይ «ናኖ -ደብሊው» ብለው ይክፈቱ።

በየትኛውም ኤዲተር ቢሠሩ፣ አገልግሎቱን ሪስታርት ከማድረግዎ በፊት ፋይሉን ያስመርምሩ። ለኤስኤስኤች «ኤስኤስኤችዲ -ቲ»፣ ለዌብ ሰርቨሩ ለኤንጂንኤክስ «ኤንጂንኤክስ -ቲ» አለ። ማን በሩት ሥልጣን መሥራት እንደሚችል የሚወስነውን የሱዶ ፈቃድ ፋይል በ«ቪሱዶ» ካልሆነ በሌላ መንገድ አይክፈቱ፤ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ እንዳይነካው ይቆልፈዋል፣ ስህተት ካለም ሴቭ ከማድረጉ በፊት ይጠይቅዎታል። የኤስኤስኤችን ኮንፊግ ሲነኩ ደግሞ ሌላ የተከፈተ ግንኙነት ከጎን ይኑርዎት፤ በአዲስ መስኮት መግባት መቻልዎን ሳያዩ የድሮውን አይዝጉ።

ጥያቄ፦ ቪም ላይ እየሠራሁ ኢንተርኔቱ ተቋረጠ። ተመልሼ ስገባ ፋይሉ አልከፈት ብሎ የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ያወጣል። ሥራዬ ጠፋ ማለት ነው?

መልስ፦ አልጠፋም። ቪም ሲሠራ ከፋይሉ አጠገብ በነጥብ የሚጀምርና በኤስደብሊውፒ የሚያልቅ ድብቅ ፋይል ይይዛል፤ ያላስቀመጡት ለውጥ አብዛኛው እዚያ አለ። ማስጠንቀቂያውን ረጋ ብለው ያንብቡት፤ የቀድሞው ፕሮሰስ አሁንም እየሠራ ከሆነ ይጽፍልዎታል። እየሠራ ከሆነ በኪው ይውጡ፤ ፋይሉን የያዘው ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። ፕሮሰሱ ከሞተ «አር»ን ይጫኑ፤ ለውጡን ይመልስልዎታል። በሌላ ስም ሴቭ አድርገው ከዋናው ጋር በ«ዲፍ» ያወዳድሩ። የሚፈልጉት መኖሩን ካረጋገጡ በኋላ ድብቁን ፋይል ያጥፉ፤ ካላጠፉት ማስጠንቀቂያው በከፈቱት ቁጥር ይመጣል።

ለወደፊቱ ሰርቨሩ ላይ እንደገቡ «ቲመክስ» ብለው ውስጡ ይሥሩ። መስመሩ ቢቋረጥ ኤዲተሩ ሰርቨሩ ላይ እንደተከፈተ ይቆያል፤ ተመልሰው ገብተው «ቲመክስ አታች» ሲሉ ጠቋሚው ካቆሙበት ቦታ ያገኙታል።

ጥያቄ፦ ቪኤስ ኮድን በኤስኤስኤች ከሰርቨሬ ጋር ሳገናኘው ሰርቨሩ ይንቀራፈፋል፤ አንዳንዴም ጭራሽ ይቆማል። ሜሞሪው 512 ሜጋባይት ነው። ሩት የያዛቸውን ፋይሎችም ሴቭ አላደርግም ይለኛል።

መልስ፦ መስኮቱ በእርስዎ ኮምፒውተር ላይ ቢሆንም ሥራው የሚሠራው ሰርቨሩ ላይ ነው። ቪኤስ ኮድ ሲገናኝ የራሱን ፕሮግራም ሆም ፎልደርዎ ውስጥ ይጭናል፤ ፋይል የሚከታተለውና የሚፈልገውም እሱ ነው። በአምራቹ መመሪያ መሠረት ቢያንስ 1 ጊጋባይት ሜሞሪ ይፈልጋል፤ የሚመከረው 2 ጊጋባይት ነው። በ512 ሜጋባይት ላይ ከዳታቤዝዎ ጋር ይሻማል፤ ሜሞሪ ሲያልቅ ደግሞ ከርነሉ አንዱን ፕሮሰስ ይገድላል፤ የሚገደለው ዳታቤዙ ሊሆን ይችላል። ሜሞሪው የሚበቃ ሰርቨር ላይም ቢሆን «/»ን እንደ ፎልደር አይክፈቱት፤ የሚሠሩበትን ፎልደር ብቻ ይክፈቱ።

ለትንሽ ሰርቨር የሚስማማው መንገድ ፋይሎቹን የለውጦችን ታሪክ በሚመዘግበው በጊት ይዞ በራስ ኮምፒውተር ላይ ማረም፣ ከዚያ ወደ ሰርቨሩ መሳብ ነው። የመዳፊቱ ኤዲተር የሚያምርበትም እዚህ ነው፦ አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን ማየት፣ በሠላሳ ፋይል ውስጥ ያለን አንድ አድራሻ በአንድ ጊዜ መለወጥ፣ በያምል ፋይል ውስጥ የተዛነፈ ክፍተትን በቀለም መለየት። ይህን በቪም ማድረግ ይቻላል፤ ነገር ግን በየቀኑ ለማይጠቀምበት ሰው ለስህተት የተጋለጠ ነው።

የሩት ፋይሎችን በተመለከተ፣ በሩት ስም በቀጥታ መግባትን መፍትሔ አያድርጉት፤ ኤዲተሩ ላይ የጫኗቸው ተጨማሪዎች ሁሉ የሩት ሥልጣን ያገኛሉና። ተርሚናሉን ከፍተው «ሱዶኤዲት» ብለው የፋይሉን መንገድ ይስጡት። ቅጂ ያወጣና በእርስዎ ስም በመረጡት ኤዲተር ይከፍትልዎታል፤ ሲዘጉት ወደ ቦታው ይመልሰዋል።

ጥያቄ፦ ቀዳሚ ኤዲተሬን ቪኤስ ኮድ ካደረግኩ ወዲህ «ክሮንታብ -ኢ» ስል መስኮቱ ይከፈታል፤ ተርሚናሉ ግን ወዲያው «ለውጥ የለም» ይላል። የጻፍኩትም አይሠራም።

መልስ፦ ክሮንታብ ኤዲተሩ እስኪዘጋ ነው የሚጠብቀው። የቪኤስ ኮድ ትዕዛዝ መስኮቱን ከፍቶ ወዲያው ስለሚመለስ ክሮንታብ «ጨረሰ» ብሎ ያስባል። «ኤዲተር» በሚለው ተለዋዋጭ ውስጥ «ኮድ --ዌይት» ብለው ያስገቡ። ለጂቪም ደግሞ «ጂቪም -ኤፍ» ነው። በጊትና በሱዶኤዲትም ላይ ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ በዊንዶውስ ላይ ጽፌ ያመጣሁት ስክሪፕት ሰርቨሩ ላይ «ፋይሉ የለም» ይላል፤ ፋይሉ ግን አለ። ሌላው፣ በኤንጂንኤክስ ኮንፊግ ውስጥ አንድ መስመር ዓይኔ ላይ ትክክል ሆኖ ሳለ አልቀበልም ይላል። ኮሜንቶቹን በአማርኛ ነው የምጽፈው።

መልስ፦ የመጀመሪያው የመስመር ማብቂያ ችግር ነው። ዊንዶውስ በእያንዳንዱ መስመር መጨረሻ ሁለት ባይት ያስቀምጣል፤ ሊኑክስ አንድ። የተረፈው ባይት ከመጀመሪያው መስመር ጋር ይጣበቅና ሊኑክስ የማይታይ ፊደል የተጨመረበትን ባሽ ይፈልጋል፤ የለም የተባለው እሱ እንጂ ስክሪፕትዎ አይደለም። «ካት -ኤ» (ኤ ትልቁ) ብለው ሲያዩት ከ$ በፊት የባርኔጣ ምልክትና ኤም ይታያል። «ዶስቱዩኒክስ» ያጸዳዋል፤ ቪም ውስጥ ከሆኑ «:ሴት ኤፍኤፍ=ዩኒክስ» ብለው ሴቭ ያድርጉ። ካልተፈታ ፋይሉ መጀመሪያ ላይ ቦም የሚባሉ 3 ባይቶች ተቀምጠው ይሆናል፤ «:ሴት ኖቦምብ» ያነሳቸዋል።

በሁለተኛው የምንጠረጥረው ኪቦርዱን ነው። የአማርኛ ኮሜንት ጽፈው ወደ እንግሊዝኛ ሳይመልሱት መስመሩን በ; ፈንታ በእኛው ድርብ ሰረዝ (፤) ዘግተውት ይሆናል። ኤንጂንኤክስ መዝጊያውን ስለማያገኝ ቀጣዩን መስመር ከዚህኛው ጋር ይደርበዋል፤ ስለዚህ የሚጠቁምዎትን ቁጥር ብቻ ሳይሆን ከላይ ያለውንም መስመር ይዩ። በቪም ጠቋሚውን ምልክቱ ላይ አድርገው ጂ ከዚያ ኤ ይጫኑ። 59 ካለ ትክክለኛው ነው፤ 4964 ካለ የአማርኛው ነው። ኪቦርዱ አማርኛ ላይ ሲሆን የቪም ትዕዛዞችም አይሰሙም፤ ኤስኬፕ ተጭነው ምንም ካልሆነ መጀመሪያ ኪቦርዱን ይመልከቱ።

የአማርኛ ኮሜንት በራሱ ጉዳት የለውም። ሰርቨሩ ላይ በተሰካ ስክሪን ግን አብዛኛውን ጊዜ አይነበብም፤ የሊኑክስ ኮንሶል በአንድ ጊዜ የሚይዘው ቢበዛ 512 የፊደል ቅርጽ ነው፤ የተለመዱት የኮንሶል ፎንቶችም ግዕዝ የላቸውም። በአደጋ ቀን ማንበብ የሚገባዎትን ማስታወሻ በእንግሊዝኛ ይጻፉት።

ጥያቄ፦ ለዶከር ኮንቴይነር ያካፈልኩትን አንድ የኮንፊግ ፋይል በቪም አረምኩ። ውጭ ተለውጧል፤ ኮንቴይነሩ ውስጥ ግን አሮጌው ነው። በናኖ ሳደርገው ይሠራል። ለምን?

መልስ፦ ቪም ብዙ ጊዜ ሴቭ ሲያደርግ አሮጌውን ፋይል ወደ ጎን አውጥቶ በስሙ አዲስ ፋይል ይጽፋል። ስሙ አንድ ቢሆንም ሊኑክስ ፋይሉን የሚያውቅበት ቁጥር፣ አይኖዱ፣ ይለወጣል። ዶከር ነጠላ ፋይል ሲያካፍል የሚይዘው ስሙን ሳይሆን አይኖዱን ነው፤ ስለዚህ አሮጌውን እንደያዘ ይቀራል። ናኖ ያንኑ ፋይል ውስጡን ስለሚጽፍ ችግሩ የለበትም። «ኤልኤስ -አይ»ን ከሴቭ በፊትና በኋላ ቢያዩት ቁጥሩ ሲለወጥ ያገኙታል። «ሴድ -አይ»ም እንደ ቪም ነው። በቪም «:ሴት ባክአፕኮፒ=የስ» ይፈታዋል፤ ከሁሉ የሚሻለው ግን ፋይሉን ለብቻው ሳይሆን ፎልደሩን ማካፈል ነው።

ስለ ቅጂ ከተነሳ፣ ኤዲተርዎ ባክአፕ እንዲተው አድርገው ከሆነ በስሙ መጨረሻ ~ ያለበት ፋይል ይቀራል። በዴቢያን ኤንጂንኤክስ «ሳይትስ-ኢኔብልድ» ፎልደር ውስጥ ያለውን ሁሉ ያነባል፤ ኮንፊጉን እዚያው በቀጥታ ጽፈው ከሆነ ቅጂውንም እንደ ሌላ ሳይት ይጭነዋል፤ ያኔ ስም ተደገመ የሚል ማስጠንቀቂያ ወይም ስህተት ያመጣል። የሱዶ ተጨማሪ ፎልደር ደግሞ በተቃራኒው በ~ የሚያልቅ ወይም ነጥብ ያለበት ስም ያለውን ፋይል ይዘለዋል። በቪምም በናኖም «ባክአፕዲር» በሚባለው ምርጫ ቅጂዎቹ ሆም ፎልደርዎ ውስጥ ባለ አንድ ቦታ እንዲሄዱ ያድርጉ።