«ስገባ ጨዋታው ቁርጥ ይላል»

ሰላም እትዬ፣

ደሴ ውስጥ የአንድ ሆቴል የመስተንግዶ ኃላፊ ነኝ። የምጽፍልዎት ትዕግስቴ ስላለቀ ነው። ከሥሬ ያሉት አስተናጋጆችና የማዕድ ቤት ልጆች እንደ ባዳ ነው የሚያዩኝ። በር ከፍቼ ስገባ ጨዋታው ቁርጥ ይላል። በስልክ የራሳቸው ግሩፕ አላቸው፣ እኔን አላስገቡኝም። መቀራረብ እንዲኖር ብዬ አርብ አርብ ከሥራ በኋላ ቡና እንዲፈላ አደረግሁ፤ ጀበናውንም ስኒውንም የገዛሁት እኔው ነኝ። አቦሉን ይጠጣሉ። ቶናው ሳይቀዳ አንዱ ባጃጅ አመለጠኝ ይላል፣ ሌላዋ ልጄ ብቻውን ነው ትላለች። በረካውን እኔና የምታፈላው ልጅ ተፋጠን እንጠጣለን። ወሎ ውስጥ እንዲህ መደረግ ምን እንደሚያህል እርስዎ አያጡትም።

ደግሞ ይዋሻሉ። በቀደም ከቆሻሻ ማጠራቀሚያው ሥር በሶፍት የተጠቀለለ የብርጭቆ ስብርባሪ አገኘሁ። ማን ሰበረው ብል ማንም አያውቅም። ለነገሩ የተሰበረ ዕቃ ዋጋ ለሁሉም ተካፍሎ ከደመወዝ ይቆረጣል፣ የቤቱ ደንብ ነው። ያን ያህል የሚጎዳ ገንዘብም አይደለም። አንዲት ልጅ ብቻ አንድ ጊዜ መጥታ «ትሪው አምልጦኝ ስድስት ብርጭቆ ሰበርኩ» ብላኝ ነበር፤ እሷ ስላመነች ሙሉውን ከእሷ ቆረጥን። አሁን ለቃለች።

ባለቤቱ «ከመካከላቸው አንዱን ያዝና ወሬ ያምጣልህ፣ ትንሽ እንጨምርለታለን» ይለኛል። ያሰብኩት ልጅ አለ። እሺ ልበል?

የደሴው አንባቢ

ወንድሜ፣

ጆሮ ጠቢውን ተወው። ሳምንት ሳይሞላ ይነቁበታል፤ ከዚያ ለእሱም ለአንተም ውሃ የሚያቀብል አይገኝም።

እኔን የያዘኝ እንደ ዋዛ ያለፍካት ልጅ ናት። ከሁሉም መካከል አንተን አምና የመጣች እሷ ብቻ ነበረች። የደበቁት ተካፍለው ከፈሉ፣ የተናገረችው ስድስቱንም ብቻዋን ከፈለች። እውነት ተናግሮ ከመሸበት ማደር ይባላል፤ የእሷ ግን እዚያው ሥራዋ ላይ መሸባት። ሌሎቹ ይህን ቆመው አይተዋል። ውሸታሞች አልካቸው፣ እኔ ሒሳብ የሚያውቁ ሰዎች ናቸው እላለሁ። ስባሪ በሶፍት መጠቅለልን ያስተማርካቸው አንተ ነህ።

«የቤቱ ደንብ» ያልከውንም እንየው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 59 ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ካልፈቀደ፣ ወይም ሠራተኛው ራሱ በጽሑፍ ካልተስማማ ከደመወዝ መቁረጥን ይከለክላል። በተፈቀደበትም ቢሆን በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደመወዙ ሲሶ አይበልጥም። የእናንተ ደንብ ተጽፎ ሠራተኛው የሚያውቀው ነው ወይስ ባለቤቱ በቃል የተናገረው? አለመጉዳቱን ደግሞ የቤት ኪራይ የሚከፍሉት ይናገሩት።

ኤሚ ኤድመንድሰን የምትባል የሃርቫርድ ተመራማሪ በ1996 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት በሆስፒታል ክፍሎች የሚደርሰውን የመድኃኒት ስህተት መርምራ ነበር። ጥሩ አመራር ያላቸው ክፍሎች ብዙ ስህተት ተመዝግቦባቸው አገኘች። ይህ የሆነው ሠራተኞቹ ይበልጥ ስለሚሳሳቱ ሳይሆን ስህተታቸውን ሳይፈሩ ስለሚናገሩ ነው ብላ አሰበች። አንተ ቤት ብርጭቆ ይሰበራል፣ የሰበረ ሰው ግን የለም።

ስለዚህ ባለቤቱ ዘንድ ግባና ሳይታሰብ የሚሰበር ዕቃ እንደ ሳሙናው የሥራ ወጪ ይያዝ በል። ከዚያ ሠራተኞቹን ሰብስበህ በልጅቷ ላይ የተደረገው ትክክል እንዳልነበረ በአፍህ ተናገር። ደም የፈሰሰበትን ጠብ አበጋር የሚባለው የአገር ሽማግሌ ተቀምጦ በሚያስታርቅበት አገር ለስድስት ብርጭቆ ይቅርታ ማለት ሊከብድህ አይገባም። በቡናው ነገር አብሽር፣ ለጊዜው ግን አስቀረው፤ በአለቃ ትእዛዝ የተጠራ ቡና አይጥምም። ግሩፑ ውስጥ አስገቡኝ ብለህም አትለምን። ሰው አለቃውን የሚያማበት ጥግ ያስፈልገዋል፤ አንተም ባለቤቱን ሳታማ አትቀርም።

ባለቤቱ እንቢ ካለ የልጅቷን ገንዘብ ከራስህ ኪስ መልስላት። ስልኳ ከአንተ አይጠፋም።