ያችን የሶፍትዌር ዝርዝር በኤንተር አትለፋት

የጠየቅከውን አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ዴቢያን የሚባለውን የሊኑክስ ሲስተም በትንሿ የኔትወርክ አይኤስኦ (አብዛኛውን ነገር ከኔትወርክ በሚያወርደው የመጫኛ ፋይል) ለሰርቨር ባሰብከው ማሽን ላይ እየጫንክ፣ መጨረሻ አካባቢ የሚመጣው የሶፍትዌር መምረጫ ዝርዝር ግራ አጋብቶሃል። የትኛውን ልምረጥ፣ የትኛውን ልተው ነው ያልከው። ማሽኑን የት እንደምታስቀምጠው አልጻፍክም። ግን ሰርቨር ካልክ ሞኒተርና ኪቦርዱን ነቅለህ የሆነ ክፍል ውስጥ ልትቆልፍበት ነው ብዬ ልውሰድ። እኔም ያደረግኩት ይህንኑ ነው። ያችን አንዲት ገጽ በችኮላ በማለፌ ሦስት ሳምንት ገደማ ተንከራትቻለሁ፤ አንተ ላይ እንዲደርስ አልፈልግም።

ፍላሽ ስለማዘጋጀትና ዲስክ ስለመከፋፈል አልነግርህም። እዚያ ገጽ ድረስ ከደረስክ ያንን ታውቀዋለህ።

1. ምልክት የሚደረገው በስፔስ ነው። ኤንተር አይመርጥም!

በቀስት ትወርዳለህ። የምትፈልገው መስመር ላይ ስትደርስ ስፔስ ትጫናለህ፤ ኮከቧ ትገባለች ወይም ትወጣለች። ሁሉንም ስትጨርስ በታብ «ቀጥል» ወደሚለው ትሄድና ያኔ ኤንተር ትጫናለህ። ይህ ራሱ እስክሪኑ ግርጌ ላይ በአንድ ቀጭን መስመር ተጽፏል። የእኔ ዓይን ግን ዝርዝሩ ላይ ስለነበር አላየሁትም። በማውስ የሚሠራውን መጫኛ ከመረጥክ ክሊክ ማድረግ ይበቃሃል። እኔ ግን በጽሑፉ ነበር የገባሁት።

ዝርዝሩ ሲመጣ ባዶ አይደለም። ሦስት ነገሮች አስቀድመው ኮከብ አላቸው፤ የዴቢያን ዴስክቶፕ፣ ከሥሩ ደግሞ ግኖም (በመስኮትና በማውስ የሚሠራው ዴስክቶፕ)፣ ወደ ታች ወረድ ሲል መደበኛ የሲስተም መገልገያዎች። ከሩቅ ሆነህ ወደ ማሽኑ የሚያስገባህ ኤስኤስኤች ሰርቨር የሚለው ግን ባዶ ነው። እኔ በቀስት ወርጄ ኤስኤስኤች ላይ ቆምኩና ኤንተር ተጫንኩ። መረጥኩ ብዬ ነዋ! መጫኛው ግን «ጨርሻለሁ፣ ቀጥል» ያልኩት መስሎት ያገኘውን ይዞ ሄደ። ኤስኤስኤች አልገባም። የማልፈልገው ግኖም ከነጓዙ ገባ።

እዚያው የሚያስነቃ ምልክት ነበረ። መጫኛው ፋይሎቹን ሲያወርድ ከስንት ስንተኛው ላይ እንደደረሰ ይጽፋል። የእኔው ከሺህ በላይ ይል ነበር። ኤስኤስኤችና መደበኛ መገልገያዎች ብቻ ቢሆኑ እዚያ አካባቢ አይደርስም። አንተም ስታወርድ ያን ቁጥር እየው። ሺህ ካለፈ ዴስክቶፕ ገብቶብሃል ማለት ነው። መሃል ላይ ግን አታቋርጠው፤ ይጨርስና ማሽኑ ገና እጅህ ላይ እያለ እንደ አዲስ ጫነው።

እኔ ያንን አላደረግኩም። ሲነሳ በግራፊክስ የሆነ የመግቢያ ገጽ መጣ። «ይኑር፣ ምን ይጎዳኛል» አልኩ። ከላፕቶፔ ፒንግ አደረግኩት (በኔትወርክ «አለህ?» ብሎ መጠየቅ ነው)፣ መለሰልኝ። በቃኝ። በማግስቱ ተሸክሜ ወሰድኩትና ሰርቨር ክፍሉ ውስጥ ሰክቼ ወጣሁ። ቁልፉ ያለው በሌላ መሥሪያ ቤት ሰው እጅ ነው።

ገና ከክፍሉ እንደወጣሁ ከላፕቶፔ በኤስኤስኤች ልገባ ስል ግንኙነቱን አልቀበልም አለኝ። ማታ ቤቴ ሆኜ ፒንግ ሳደርግ ጭራሽ የለም። ኬብሉ ተነቅሎ ይሆናል ብዬ ሌሊቱን ሙሉ ሳሰላስል አደርኩ። ጠዋት ሄድኩ። ቁልፍ ያዡ ከስልኩ ቀና እንኳ ሳይል «ደብዳቤ አምጣ» አለኝ። ትናንት አብረን ነው የገባነው፣ አንድ ነገር ብቻ አይቼ ልውጣ አልኩት። «የትናንቱ ፈቃድ ለትናንት ነው።» እሺ አንተው ግባና መብራቱ ይበራ እንደሆነ እይልኝ ብዬ ለመንኩት። «የሰው ማሽን አላይም» አለና ፊቱን አዞረ። መብራት ማየት ምን ፈቃድ ይጠይቃል? ያችን ደብዳቤ ለማጻፍና ለማስፈረም ሦስት ቀን ፈጀብኝ። እስካሁን ሳስበው ያናድደኛል።

በመጨረሻ ስገባ 15 ደቂቃ ተሰጠኝ። ማሽኑ ፀጥ ብሏል፤ ፋኑ አይሰማም። የማሽኑ ማብሪያ ላይ ያለችው ትንሽ መብራት ቀስ እያለች ብልጭ ድርግም ትላለች። ኪቦርድ ሰክቼ አንድ ቁልፍ ስነካ ፋኑ ዞረና የግኖም መግቢያ ገጽ ብቅ አለ። ተኝቶ ነበር! ግኖም ማንም ካልነካው ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ማሽኑን ያስተኛዋል፤ ሶኬት ላይ ቢሰካም። ለላፕቶፕ ጥሩ ሊሆን ይችላል። ሰው ለማይነካው ሰርቨር ግን ሞት ነው። እዚያው ኤስኤስኤች ሰርቨሩን በአፕት (በዴቢያን የፕሮግራም መጫኛ ትእዛዝ) ጫንኩ፣ ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። መተኛቱንም በሲስተምሲቲኤል ትእዛዝ ከለከልኩት። ከላፕቶፔ መግባቱን አይቼ በደስታ ወጣሁ።

2. «የዴቢያን ዴስክቶፕ» ከምትለዋ መስመርም ኮከቡን አንሳ።

ብዙ ሰው ግኖምን ብቻ ያነሳና ከላዩ ያለችውን ይተዋታል። እሷ ኮከብ ካላት፣ ከሥሯ ከፊታቸው ሦስት ነጥብ ካላቸው አንዱንም ባትመርጥ፣ ነባሪው (ሳትመርጥ የሚገባው) ይገባል። ነባሪው ደግሞ ያው ግኖም ነው። ስለዚህ ለሰርቨር ሁለቱንም ታነሳለህ። ዴስክቶፕ ፈልገህ ግን ማሽኑ ደካማ ከሆነ የላይኛዋን ኮከብ ሳትነካ ግኖምን ታነሳና ቀለል ያለውን ዴስክቶፕ ኤክስኤፍሲኢን ትመርጣለህ። ግኖምን ሳታነሳ ኤክስኤፍሲኢን ብትጨምር ሁለቱም ናቸው የሚገቡት።

3. «በኋላ አጠፋዋለሁ» አትበል።

ይህን ቁጥር የሰጠሁት ለብቻው ስለሆነ ሳይሆን የላይኛው ታሪክ ስላላለቀ ነው። ከሳምንት በኋላ ቤቴ ሆኜ ግኖምን ላጽዳ አልኩ። በአፕት አስወገድኩትና አውቶሪሙቭ ጨመርኩበት፤ ከእሱ ጋር የመጡትን ሁሉ ይጥረግልኝ ብዬ። የሚወገዱት ዝርዝር እስክሪኑን ሞልቶ አለፈ። አላነበብኩትም፣ «አዎ» አልኩ። ውስጡ ኔትወርክ ማናጀር ነበረበት። ከዴስክቶፑ ጋር የገባ ስለሆነ አብሮ ተጠረገ። የማሽኑን ኔትወርክ የያዘው ደግሞ እሱ ነበር። ሪስታርት አደረግኩት፤ ተነሳ፣ ኔትወርክ ግን የለውም። እንደገና ደብዳቤ፣ እንደገና ያው ሰውዬ። ሁለተኛውን ደብዳቤ ሳቀብለው ማኅተሙን በጣቱ እያሸ ሲመረምር የቆመበትን ደቂቃ አልረሳውም።

ታስክሰል የሚባለው መምረጫ ከተጫነ በኋላም በተርሚናል ይከፈታል። ያው ዝርዝር ነው የሚመጣው። ግን እዚያ ላይ ኮከብ ካነሳህ ያነሳኸውን ነገር ከማሽኑ ያወጣዋል። ለመጨመር ተጠቀምበት፣ ለመቀነስ ግን አትንካው። ለሰርቨር በስህተት ዴስክቶፕ ከገባብህ ከባዶ መጫን ይሻልሃል፤ ጊዜም ያተርፍልሃል።

እና ምን ትመርጣለህ? ኤስኤስኤች ሰርቨርና መደበኛ የሲስተም መገልገያዎች። ሌላ ምንም። መገልገያዎቹን ቦታ ይቆጥብልኛል ብለህ እንዳትተዋቸው። የማኑዋል ገጾች፣ ፋይል የሚያወርድልህ ደብልዩጌት፣ በታብ ትእዛዝ የሚሞላልህ፣ የትኛው ፕሮግራም የትኛውን ፋይል እንደያዘ የሚያሳይህ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ናቸው። ማታ ችግር ሲመጣ የምትፈልጋቸው እነሱን ነው። «ዌብ ሰርቨር» የሚለውን ደግሞ አፓቺ የሚባለውን ዌብ ሰርቨር ካልፈለግክ ተወው። ሌላውን ዌብ ሰርቨር ኤንጂንኤክስን ልትጭን አስበህ ይህን ከመረጥክ ሁለቱ በፖርት 80 (በዌብ መግቢያው በር) ይጣላሉ።

ዴስክቶፖቹ ዝርዝሩ ላይ ጭራሽ ካልታዩህ ከዚያ በፊት የመጣውን የኔትወርክ ሚረር (ፋይሎቹ የሚወርዱበት ሰርቨር) ጥያቄ «አይ» ብለኸዋል፣ ወይም ኔትወርኩ አልያዘም። ትንሿ አይኤስኦ እነሱን አልያዘችም፤ ከኔትወርክ ነው የምታመጣቸው። ዋይፋይ ካርድህ አልታወቀም የሚልህ ከሆነ አይኤስኦህ አሮጌ እንዳይሆን እይ። ከዴቢያን 12 ጀምሮ እንዲህ ያሉ ካርዶችን የሚያሠሩት፣ ነፃ ፈቃድ የሌላቸው ፈርምዌሮች አብረው ገብተዋል።

አንድ ነገር ወደኋላ ልመልስህ። የሩት (የማሽኑ ሙሉ ባለሥልጣን ተጠቃሚ) ፓስወርድ ሲጠይቅህ ባዶ ተወው። ያኔ ሱዶ (በሩት ሥልጣን ትእዛዝ ማስፈጸሚያው) ራሱ ይገባና የፈጠርከው ተጠቃሚ ይፈቀድለታል። ፓስወርድ ከሰጠኸው ግን ተጠቃሚህ የሱዶ ፈቃድ አያገኝም። በኤስኤስኤች ደግሞ ሩት በፓስወርድ አይገባም፣ ከመጀመሪያው ተከልክሏል። ይህን ሳያውቅ «ፓስወርዴ ትክክል ነው፣ አልገባም አለኝ» እያለ የሚሟገት ሰው ብዙ አይቻለሁ።

እኔ አሁን ዝርዝሩን በእጄ አልነካውም። ፕሪሲድ የሚባለውን የመልስ ፋይል ጽፌአለሁ። ታስክሰል ለሚጠይቀው ጥያቄ «ስታንዳርድ እና ኤስኤስኤች ሰርቨር» የሚል አንድ መስመር አለው። ተጨማሪ ፓኬጆቼን የሚዘረዝር ሌላ መስመር አለው። መጫኛው ያንን ያነብና ዝርዝሩን ሳያሳየኝ ያልፋል። ሁለቱን መስመሮች አስተካክዬ ለመጻፍ አንድ ቅዳሜ ሙሉ ወስዶብኛል፤ ከዚያ ወዲህ ግን 11 ማሽን ጭኛለሁ፣ አንዱም አልተሳሳተብኝም። ከአንድ ማሽን በላይ የምትጭን ከሆነ ወደዚያ ግባ። ለአንድ ማሽን በእጅህ ይበቃል።

ጭነህ ስትጨርስ ሞኒተሩንና ኪቦርዱን ንቀል፣ ሪስታርት አድርገው። ከዚያ 30 ደቂቃ ሳትነካው ተወውና ከሌላ ማሽን በኤስኤስኤች ግባ፣ ሱዶም እንደሚሠራ ሞክር። ይህን ሁሉ ካለፈ ያኔ ተሸክመህ ውሰደው።