ሳይረን፣ ስቶኪንግና ቀይ መስቀል፦ ስለ በርሌስክ የጠየቃችሁኝ

እዚህ እንግሊዝ ያላችሁ አንባቢዎች ሰሞኑን ስለ በርሌስክ ደጋግማችሁ ጠይቃችሁኛል። ለማያውቀው፦ ጭፈራ፣ ቀልድና ያማረ ልብስ ያለበት፣ ልብሱም ቀስ እያለ እየወለቀ የሚቀርብ የመድረክ ትርኢት ነው። አሁን የሚወደደው የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ዘመን የሚያስታውሰው ዓይነት ነው። እኔ የመድረክ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የማውቀውን እነግራችኋለሁ። ቀኖቹ፣ ወሮቹና ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

በጦርነቱ መሃል እንዲህ ያለ ትርኢት በእርግጥ ነበር? ወይስ የዛሬ ሰው የፈጠረው ነው?

ነበር። ለንደን ውስጥ፣ ሶሆ ሰፈር፣ ዊንድሚል የሚባል ትንሽ ቲያትር ነበር። መስከረም 1939 መንግሥት ቲያትሮችን ሁሉ ሲዘጋ ለጥቂት ቀናት ተዘጋ እንጂ፣ ከዚያ በኋላ ለንደን ላይ ቦምብ ሲዘንብም ትርኢቱን አላቋረጠም። ራቁታቸውን መድረክ ላይ የሚቆሙ ሴቶች ነበሩት። ግን ንቅንቅ ማለት አይፈቀድላቸውም። ትርኢት የሚፈቅደውና የሚከለክለው ሎርድ ቻምበርሊን የሚባለው የቤተ መንግሥት ሹም ነበር፤ እንደ ሐውልት የቆመ ገላ ጥበብ ነው፣ ከተንቀሳቀሰ ግን ነውር ነው ተብሎ ተወሰነ። ይህ የቅድሚያ ምርመራ እስከ 1968 ቆይቷል። ስለዚህ ዛሬ የምትጨፍሩት ጭፈራ ያኔ ቢሆን ያስዘጋችሁ ነበር። ፖስተራችሁ ላይ «ልክ እንደ 1940» ብላችሁ አትጻፉ።

የስቶኪንጉ (የረጅሙ ስስ የሴት ካልሲ) የኋላ መስመር በምን ይሣላል?

በቅንድብ መኳያ እርሳስ። የስቶኪንጉ ሐር ለፓራሹት ሲሄድ የዚያን ጊዜ ሴቶችም ባዶ እግራቸው ላይ እንዲሁ ነበር የሚያደርጉት። ሌላ ሰው ይሣልልሽ፣ በራስሽ እጅ ይጣመማል።

ከማንቸስተር፦ የ1939 ዋናውን የጋዝ ጭምብል በኢንተርኔት ገዝቻለሁ፣ ዳንሰኛዋ አጥልቃው ትውጣ?

በፍጹም! ወንድሜ፣ የዚያን ዘመን የእንግሊዝ ጭምብሎች ማጣሪያ ውስጥ አስቤስቶስ አለ። ዳንሰኛ ደግሞ በኃይል እየተነፈሰች ነው የምትጨፍረው። «ዝም ብሎ ጌጥ ነው» አትበል፤ ጎማው አርጅቷል፣ አቧራው ይወጣል፣ የሳንባው ጣጣ የሚመጣው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። አትክፈተው፣ አትጠበው፣ ልጆች እንዳያገኙት። በወፍራም ፕላስቲክ ደርበህ አሽገውና ካውንስሉ (የአካባቢህ መስተዳድር) ጋ ደውል፤ አስቤስቶስ የሚያስወግድ ባለሙያ ይነግሩሃል። ይህን እንደ ተለመደው «ባለሙያ አማክሩ» ዓይተህ አትለፈው፤ ዛሬውኑ ደውል። ለመድረኩ ሳጥኑ ይበቃል። ያኔ ሰው ሁሉ ጭምብሉን በካርቶን ሳጥን ከትቶ፣ በገመድ ትከሻው ላይ አንግቶ ነበር የሚዞረው። ተመልካቹ ሳጥኑን እንዳየ ይገባዋል።

የወታደርና የነርስ ልብስ ለብሰን ከተማ መሃል በራሪ ወረቀት ብናድልስ?

የወታደሩን መንገድ ላይ አትልበሱት። በ1894 የወጣ ሕግ አለ፤ ወታደር ያልሆነ ሰው የሠራዊቱን ዩኒፎርም ያለ ፈቃድ መልበስን ይከለክላል። ለመድረክ ትርኢት ይፈቅዳል፣ ለእግረኛ መንገድ ግን አይደለም። ለማስታወቂያው የ40ዎቹ ቀሚስ፣ ከፊት ወደ ላይ የተጠቀለለ ፀጉርና ቀይ ሊፕስቲክ ከበቂ በላይ ነው።

የነርሷ ቆብ ላይ ያለውን ቀይ መስቀል ደግሞ ንቀሉት፣ መድረክ ላይም ቢሆን። በጄኔቫ ስምምነትም በእንግሊዝ ሕግም የተጠበቀ ምልክት ነው። ሕጉን እንኳ ብንተወው፣ እኛ ይህን ምልክት እንዴት እንረሳዋለን? ታኅሣሥ 1935 የጣልያን አውሮፕላኖች መልካ ዲዳ ላይ የስዊድን ቀይ መስቀልን የሕክምና ጣቢያ በቦምብ ደብድበዋል። የሕክምና ጣቢያ መሆኑን የሚናገረው ያ መስቀል ነበር። በልብ ቅርጽ ቀይሩት፣ ያምራልም።

ሾውን በጦርነቱ ዘመን የአየር ጥቃት ማስጠንቀቂያ ሳይረን ብንጀምርስ?

ትኬቱ ላይም በሩ ላይም ጻፉት። አዳራሹ ውስጥ ከትግራይ፣ ከሱዳን፣ ከዩክሬን የመጣ ሰው ይኖራል። መብራት አጥፍታችሁ ሳይረን ስትለቁበት እሱ ትርኢት ላይ መሆኑን ይረሳል። ከተጠቀማችሁ ደግሞ በትክክል ተጠቀሙበት፦ ከፍ ዝቅ የሚለው ድምፅ አደጋ መጣ ማለት ነው፤ ሳይወጣ ሳይወርድ ወጥ ሆኖ የሚዘልቀው አደጋው አለፈ ማለት ነው።

ከሊቨርፑል፦ በርሌስክ ቡድን ለመግባት ለፈተና ሄጄ «ጎበዝ ነሽ፣ ግን የ1940ዎቹን እንግሊዝ አትመስይም፤ የጫካ ዳንስ ነገር እናዘጋጅልሽ» አሉኝ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን አንብቤ ደሜ ፈላ። ዘመኑን የማያውቁት እነሱ ናቸው።

በዚያ ጦርነት ጊዜ የለንደንን ምሽት ካደመቁት አንዱ የጉያናው ተወላጅ ኬን ጆንሰን ነበር። በጥቁር ሙዚቀኞች የተሞላ ባንድ ይመራ ነበር፤ ከአለባበሱ ጀምሮ ሽቅርቅር። መጋቢት 8 ቀን 1941 ካፌ ዴ ፓሪ የሚባል የለንደን የምሽት ክበብ መድረክ ላይ እንዳለ ቦምብ ወድቆ ገደለው፣ ገና 26 ዓመቱ ነበር። ምድር ቤት ነው፣ ምንም አይነካንም ተብሎ ሰው የሚጎርፍበት ቤት ነበር። አደሌድ ሆልም አለች፤ ከአሜሪካ መጥታ ለንደን የኖረች ጥቁር ዘፋኝ፣ በጦርነቱ ዘመን ወታደሮችን ታዝናና ነበር። በሙዝ ቀሚስ ጨፍራ ፓሪስ ላይ የታወቀችው ጥቁር ዳንሰኛ ጆሴፊን ቤከር በኖታ ወረቀት ላይ በማይታይ ቀለም የተጻፈ ምስጢር ለፈረንሳይ አርበኞች ታሻግር ነበር፤ በ2021 ፈረንሳይ ታላላቆቿን የምታከብርበት ፓንተዮን የገባችው በሙዝ ቀሚሷ ብቻ አይደለም። የራሳችን ጃንሆይ እንኳ እስከ 1940 ባዝ ከተማ በስደት ላይ ነበሩ።

ላንቺ ደግሞ የከተማሽን ልጅ ልንገርሽ። ሊሊያን ቤደር ሊቨርፑል የተወለደች ናት። አባቷ የካሪቢያን ሰው በመሆኑ ከወታደሮች መዝናኛ ክበብ ሥራዋ አሰናበቷት። በ1941 አየር ኃይሉ የሴቶች ክፍል ገባች፣ የአውሮፕላን መሣሪያ ጠጋኝም ሆነች። ሰማያዊ ዩኒፎርም፣ ኪስ ውስጥ መፍቻ፣ እጅጌው ወደ ላይ የተጠቀለለ፦ ከዚህ የበለጠ የ1940ዎቹ በርሌስክ ምን አለ? ይህን ይዘሽ ሂጂና አሳያቸው። ከዚያም በኋላ ጫካ ካሉሽ ጥለሻቸው ውጪ፤ የሚቀበልሽ ሌላ ቡድን አይጠፋም። ስትሄጂ ንገሪኝ፣ ልብሱን እኔ እሰፋዋለሁ።

እናቴ ፌስቡክ ላይ ብታየኝስ?

የመድረክ ስም ያዢ። አዘጋጁ ፎቶና ቪዲዮ መከልከሉን መጀመሪያ ላይ በማይክ ይናገር፣ ፖስተሩ ላይ ፊትሽን አታውጪ። ከዚያ በላይ ያለው ያንቺና የእናትሽ ጉዳይ ነው።

ፎቶዎቻችን ከኢንስታግራም እየተሰረዙብን ነው፣ ትኬት እንዴት እንሽጥ?

ገላ አትለጥፉ፣ ዝግጅቱን ለጥፉ፦ ፀጉሩ ሲጠቀለል፣ ዶቃው ሲሰፋ፣ ልምምዱ። የስዊንግ (የዚያን ዘመን የጃዝ ጭፈራ) ዳንስ ክለቦችና የድሮ ልብስ ገበያዎች ጋ ሂዱ፤ ትኬት የሚገዛችሁ ሰው ያለው እዚያ ነው። ፖስተሩ ላይ ቀኑ፣ ቦታውና ከ18 ዓመት በላይ መሆኑ በትልቁ ይጻፍ። የአዋቂዎች መዝናኛ ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ ደግሞ አዳራሹንና ካውንስሉን ጠይቁ። አንድ አዳራሽ በ12 ወር ከ11 ጊዜ ያልበለጠ፣ በመካከሉም ቢያንስ አንድ ወር ክፍተት ያለው ትርኢት ቢያሳይ ያለዚያ ፈቃድ ይፈቀድለታል። ስለዚህ አዳራሹን ከመከራየታችሁ በፊት በዓመቱ ስንት እንዲህ ያለ ትርኢት እንዳስተናገደ አጣሩ።