ስለ ጥጆች ተቅማጥ፣ ስለ እንገር እና ስለ ስኳር ውኃ

እህቴ፣ ከፍኖተ ሰላም የጻፍሽውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለት ዲቃላ ጥጆችሽ በተወለዱ በስምንተኛውና በዘጠነኛው ቀን ቢጫ ውኃ የመሰለ ተቅማጥ ያዛቸው፤ ባለሙያው «ቫይረስ ሳይሆን አይቀርም» አለሽ፤ አንቺ ግን ስለ ጨነቀሽ ቴትራሳይክሊን ገዝተሽ ሦስት ቀን አጠጣሻቸው፤ ወተትም ከለከልሽ። አንዷ ሞተች፤ ሁለተኛዋ ገና እየቀዘነች ነው። «የአንጀት ባክቴሪያ የሚሉት ነገር እውነት ነው? እርጎ ብሰጣትስ?» ብለሽ ጠይቀሻል።

ከሁሉ በፊት ዛሬ ማታ የምታደርጊውን ልንገርሽ፤ ሌላው ቆይቶ ይነበባል። ወተቷን መልሽላት፤ ግን በአንድ ጊዜ ብዙ አይሁን፣ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ከፋፍለሽ ስጫት። በወተቱና በወተቱ መካከል፣ ቢያንስ ሁለት ሰዓት አራርቀሽ፣ ፈልቶ በእጅ ሲነኩት ለብ እስኪል በቀዘቀዘ ውኃ የተበጠበጠ ኦአርኤስ አጠጫት፤ ለሕፃናት የሚሰጠው፣ አንዱ ከረጢት ለአንድ ሊትር የሚሆነው ማለቴ ነው። 35 ኪሎ ለምትሆን ጥጃ ጠዋት ሁለት፣ ማታ ሁለት ሊትር እሰጣለሁ። ከወተቱ ጋር አትቀላቅይው። ከስር ደረቅ ጭድ አንጥፊላት፤ ጆሮዋና እግሯ ከቀዘቀዘ ጆንያ አልብሻት።

ይህን የምልሽ ተምሬው ነው፤ ትምህርቱም በነጻ አልመጣም። ከእንጅባራ ወጣ ብሎ ባለው ግቢዬ ዲቃላ ላሞች ማርባት በጀመርኩበት በሁለተኛው ዓመት፣ ሐምሌ ላይ፣ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ሦስት ላሞች ወለዱልኝ። የሐምሌን ዝናብ የአዊ ሰው ያውቀዋል፤ ጭዱ ይረጥባል፣ ወለሉ ጭቃ ይሆናል፣ ፀሐይ የምትባል ነገር ትረሳለች። የመጀመሪያዋ ጥጃ በሰባተኛው ቀኗ ቀዘነች። እኔም እንዳንቺ ወተት ከለከልኩ፤ «አንጀቷ ይረፍ» ብዬ። ለልጆች ተቅማጥ የሚባለውን አስታውሼም ስኳርና ጨው በጥብጬ አጠጣኋት። ባጠጣኋት ቁጥር ተቅማጡ ባሰ። ሌሊት ኩራዝ ይዤ ስገባ የአንገቷን ቆዳ ቆንጥጬ ለቀቅኩት፤ እንደ ድንኳን ቆሞ ቀረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... እስከ ስምንት ቆጠርኩ፣ አልተመለሰም። ዓይኗ ወደ ውስጥ ገብቷል፣ ጣቴን አፏ ውስጥ ሳስገባ አፏ ቀዝቅዟል፣ አትጠባም። ንጋት ላይ ሞተች።

ስለ ስኳሩ ያስረዳኝ በጡረታ ላይ ያለ አንድ የእንስሳት ሐኪም ነው። የጥጃ አንጀት የወተትን ስኳር እንጂ የሻይ ስኳርን የሚፈጭበት ኢንዛይም የለውም። ስለዚህ ሳይፈጭ ወደ ታች ይወርዳል፣ እዚያ ይቦካል፣ ከሰውነቷም ውኃ ይስባል። እኔ ለማዳን የምሰጣት ነገር ሌላ ተቅማጥ ሆኖባታል ማለት ነው። የሰው ልጅ ያንን ስኳር ይፈጫል፤ ለዚህ ነው ለልጄ የጠቀማት ለጥጃዬ ያልጠቀማት። ኦአርኤስ ውስጥ ያለው ስኳር ግን ግሉኮስ ነው፤ መፈጨት ሳያስፈልገው ያልፋል፣ ጨውንም ውኃንም አብሮ ይዞ ይገባል። ሲትሬት የሚባለው ሌላው ጨው ደግሞ ተቅማጥ በደሟ ውስጥ የሚፈጥረውን አሲድ ያረግባል። ጥጃ በተቅማጥ ጊዜ እንደ ሰከረ የምትንገዳገደው በዚህ አሲድ ነው።

አሁን ወደ ቫይረሱ። በስምንተኛ ቀን አካባቢ ለሚጀምር ውኃማ ተቅማጥ ከዋናዎቹ ተጠርጣሪዎች አንዱ ሮታ ቫይረስ ነው፤ ኮሮና ቫይረስም አለ (የሰዉን ኮቪድ አይደለም፣ የከብት ዘመዱን)፤ ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባል ጥገኛ ተሕዋስም ብዙ ጊዜ አብሮ ይገኛል። ሮታ ጤና ጣቢያ ልጆቻችን ክትባቱን የሚወስዱለት ቫይረስ የቅርብ ዘመድ ነው፤ በጥጆች ላይ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1969 በአሜሪካ ኔብራስካ ሲሆን፣ በሕፃናት ላይ የተገኘው ከዚያ አራት ዓመት ቆይቶ ነው። ዱለት ለመሥራት ጨጓራ ስታጥቢ እጅሽን የሚሻክርሽን ታውቂያለሽ? ትንሹ አንጀትም ውስጡ እንዲሁ ነው፤ ጸጉሩ ግን በጣም ደቃቅ ነው። ምግብ የሚገባው በእነዚያ ጸጉሮች ጫፍ ነው። ቫይረሱ ጫፎቹን ይመለምላቸዋል። ወተቱ ሲመጣ የሚቀበለው የለም፤ ግማሹ ወደ ታች ሄዶ ይቦካል። ከስር ያለው ግን ስላልሞተ በጥቂት ቀን፣ ቢበዛ በሳምንት አካባቢ፣ ጸጉሩ መልሶ ይበቅላል። ሥራችን ያንን ሳምንት በሕይወት ማሻገር ነው። ወተት የምትከለከል ጥጃ ደግሞ ጸጉሩን የምታበቅልበት ስንቅ አጥታ በረሃብ ትሄዳለች።

ስለ አንጀት ባክቴሪያ፦ አዎ፣ እውነት ነው። ጥጃ ስትወለድ አንጀቷ ባዶ ቤት ነው ማለት ይቻላል። ከእናቷ ማሕፀን በር፣ ከጡቷ፣ ከወለሉ የሚገቡት ይሰፍሩበታል። ከነዚህ ውስጥ የወተቱን ስኳር አቡክተው አሲድ የሚያደርጉት፣ እርጎ ውስጥ ያሉት ዓይነቶች፣ ቦታውን ቀድመው ሲይዙ ክፉዎቹ መቀመጫ ያጣሉ። ይህ ነገር በደንብ የተጠናው በአሳማ ግልገሎች ላይ ነው፤ እኛ ጎጃም ውስጥ አሳማ የሚያረባ ጎረቤት ባይኖረንም ትምህርቱ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2013 አሜሪካ ገብቶ ሚሊዮኖች ግልገሎችን የጨረሰውን የአሳማ ተቅማጥ ኮሮና ቫይረስ ውሰጂ። በተያዙት ግልገሎች አንጀት ውስጥ እነዚያ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ሲያንሱ እንደ ኢ ኮላይ ያሉት ክፉ ባክቴሪያዎች ሲበዙ ታይቷል። ቫይረሱ አጥሩን ያፈርሳል፣ እነዚህ ይገባሉ።

ቴትራሳይክሊኑ እዚህ ላይ ነው የሚጎዳው። ቫይረሱን አይነካውም፤ የሚያገኘው ባክቴሪያውን ነው፣ ደጉንም ክፉውንም። ታርሶ ዘር ያልተዘራበት ማሳ ላይ ቀድሞ የሚበቅለው ምን እንደሆነ ለገበሬ ልጅ አይነገርም። የጡት በሽታ መድኃኒት የተወጋችን ላም ወተት «ለሰው አይሆንም» ብለን ለጥጃ የምንሰጠውም በዚያው መንገድ ይጎዳል፤ እኔ ዓመታት አድርጌዋለሁ።

መድኃኒት ፈጽሞ አትስጪ ማለቴ አይደለም። ተቅማጡ ደም ካለው፣ ትኩሳቷ ከ39.5 ዲግሪ ካለፈ፣ እትብቷ ካበጠ፣ መጥባት እምቢ ካለች፣ ወይም ተቅማጡ በመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ቀናት የጀመረ ከሆነ ባለሙያው ይያት፤ እዚያ ባክቴሪያ ዋና ተጠያቂ ሊሆን ይችላል። ግን እሱ ይዘዝ እንጂ መድኃኒት ሻጩ በግምት አይስጥሽ።

እርጎው? እኔ እሰጣለሁ፤ ተአምር ግን አልጠብቅበትም። ተቅማጡ መቅጠን ካቆመ በኋላ፣ በወይራ በታጠነ ንጹሕ ቅል የረጋ፣ ግማሽ ስኒ ያህል ወተቷ ላይ አደርግላታለሁ። እየደረቀች ላለች ጥጃ ግን እርጎ ምንም አያደርግላትም፤ የሚያድናት ውኃና ጨው ነው።

ለሚቀጥለው ወሊድ የማሳስብሽ እንገሩን ነው፤ እውነቱን ለመናገር ከጻፍኩልሽ ሁሉ ይኼ ይበልጥብኛል። ላም እንደ ሰው በማሕፀን ለልጇ የበሽታ መከላከያ አታስተላልፍም፤ አሳማም እንዲሁ። ጥጃ ባዶ እጇን ትወለዳለች፤ ያለው ሁሉ እንገሩ ውስጥ ነው። አንጀቷ ያንን መከላከያ ሳይፈጨው ወደ ደሟ የሚያሳልፈው ደግሞ ለአንድ ቀን ያህል ብቻ ነው፤ በሩ ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ እየጠበበ ይሄዳል። አያቴ «ወፍራሙ እንገር ጥጃ ያስቀዝናል» ብለው የመጀመሪያውን አልበው ያስቀምጡ ነበር፤ የጎረቤት ልጆችም እንገሩ እስኪበስል ደጃፋችን ይኮለኮሉ ነበር። እኔም ከዚያ ያደግሁ ነኝ፣ እንገር ይጣፍጠኛል። ግን ልጆቹ የሦስተኛውን ቀን ይብሉ። የመጀመሪያው ቢጫና ወፍራሙ የጥጃዋ ነው፤ በተወለደች በስድስት ሰዓት ውስጥ የክብደቷን አንድ አሥረኛ፣ ማለትም ለ30 ኪሎ ጥጃ ሦስት ሊትር፣ ከዚያም እስከ ማታ ድረስ ሁለት ሊትር። «ራሷ ጠብታለች» ብለሽ አትመኚ፣ አልበሽ ለክተሽ ስጫት። የተረፈውን አስቀምጠሽ እስከ ሁለት ሳምንት በየቀኑ ግማሽ ሊትር ወተቷ ላይ ብትጨምሪላት፣ ወደ ደም ባይገባም አንጀቷ ውስጥ ሆኖ ቫይረሱን ይይዘዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። በሁዳዴ የተወለዱ ጥጆቼ በፋሲካ ሰሞን ከተወለዱት ይሻላሉ። ምሥጢሩ ሌላ አይደለም፤ በጾም ወተት ገዢ ስለሌለው ጥጃዋ ትጠግባለች፤ ጾሙ ሲፈታ ዋጋው ይወጣና እኛ ለገበያ እንሽቀዳደማለን።

የሞተችው የተኛችበትን ጭድ አቃጥይው፤ ቫይረሱ እበት ውስጥ ለወራት ይቆያል። ጋጣውን አጥበሽ ፀሐይ ይምታው፤ አዲስ የምትወለደውንም እዚያ አታስሪ። ጤነኞቹን ቀድመሽ፣ ታማሚዋን መጨረሻ አጠጪ። እጅሽን በሳሙና ታጠቢ፤ ያ ክሪፕቶ ያልኩሽ ወደ ልጆችም ይሻገራል።

ነገ ጠዋት አንገቷን ቆንጥጠሽ ልቀቂው። በሁለት ቁጥር ውስጥ ከተመለሰ ደህና ነች፤ በኦአርኤሱ ቀጥይ። ስድስት ካለፈ ወይም መቆም ካቃታት በአፍ መስጠት አይበቃትም፤ በደም ሥር ፈሳሽ እንዲሰጣት ባለሙያውን በዚያው ሰዓት ጥሪ። ስንት እንደቆጠርሽ እዚሁ ጻፊልኝ።